በድብ አገር ድንኳን ጣልን

እህቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «ቅዳሜ ድንኳን እንጥላለን» ስትለኝ፣ ሳላስበው ከአፌ የወጣው «ማን አረፈ?» የሚል ነበር። ልጆቿ ሳቁ። እኔ ግን እውነት ደንግጬ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ድንኳን የሚያውቀው በሠርግና በለቅሶ ነው። ጥር ሲሆን ደግሞ ከተራ አለ፤ ታቦቱ ጃንሜዳ ወርዶ በድንኳን ያድራል። ሞቃት ቤትና የተነጠፈ አልጋ ያለው ሰው፣ ልጆቹን ሰብስቦ ዱር ለማደር ብቻ ድንኳን ሲተክል ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። እዚህ እህቴ በምትኖርበት ካልጋሪ፣ ካናዳ፣ «ካምፒንግ» ይሉታል። መኪናችንን ከድንኳኑ አጠገብ አቁመን ስለምናድር ደግሞ የእኛው ዓይነት «የመኪና ካምፒንግ» ይባላል። በእኛ ሐምሌ ጨለማው ክረምት ነው፤ የካልጋሪ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቀው ይህንኑ ወር ነው፤ ቦታም ከወራት በፊት ያስይዛል።

ስለ ብርዱ ልንገራችሁ። ካልጋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። በከፍታ ከሄድን ካልጋሪ ከድሬዳዋ እንኳ ታንሳለች፤ በእኛ አቆጣጠር ቆላ ናት ማለት ነው። ነገር ግን ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃለች፤ እኛ 9 ዲግሪ ላይ ነን። በሐምሌ ሌሊት ደብረ ብርሃን ያደርኩ ነው የመሰለኝ። እህቴ የያዝኩትን ሹራብ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ምንም ሳትናገር የባሏን ወፍራም ጃኬት አመጣችልኝ።

ስድስት ሆነን፣ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ የበረዶ ሣጥኑንና ጀበናውን ጭነን በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነዳን። ሜዳው እንደ አርሲ የስንዴ ማሳ ተዘርግቶ ተዘርግቶ ሳያስጠነቅቅ ያልቅና ሮኪ ተራሮች ፊት ለፊት ግድግዳ ሆነው ይቆማሉ። የሄድንበት አገር ካናናስኪስ ይባላል። በ1978 እ.ኤ.አ. የአልበርታ ክፍለ ሀገር መሪ የነበሩት የፒተር ሎሂድ መንግሥት ነው ለሕዝብ መዝናኛና ለዱር አራዊት ብሎ የከለለው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለአንድ መኪና በቀን 15 ዶላር ማስከፈል ጀመሩ። ያረፍንበት ቦ ቫሊ ፓርክ የቦ ወንዝና የካናናስኪስ ወንዝ ከሚገናኙበት አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ማሸጊያው ላይ «ለ8 ሰው» ይላል። የእህቴ ባል «ጋሼ፣ 8 ማለት እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድሮ ነው፤ ለእኛ ልክ ነው» አለኝ። መጀመሪያ መሬቱን በእጃችን እየዳሰስን ጠጠሩንና ቀንበጡን ለቀምን። ከዚያ መሬት ላይ የሚነጠፈው ሸራ ወጣ። «ፉትፕሪንት» ይሉታል፤ የእግር ዱካ ማለት ነው። ጠርዙ ከድንኳኑ ሥር አንድ ጣት እንኳ ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ካለ ዝናቡን ይቀበልና ወደ መኝታችሁ ይሰደዋል። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ሰፋ አድርጌ ዘርግቼው ነበር፤ ትልቁ ልጅ ዞሮ ዞሮ ወደ ውስጥ አጠፈው።

ምሰሶው ደግሞ ጉድ ነው። የእድራችን ድንኳን ምሰሶ ሁለት ጎረምሳ የሚሸከመው ብረት አይደል? ይኼኛው የክንድ ያህል ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ በሆዳቸው የሚለጠጥ ገመድ አልፎባቸው ተጣጥፈው ከረጢት ውስጥ ገብተዋል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ አንዱን ጫፍ ይዛ ስትወረውረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ራሱን በራሱ ገጠመና ከቁመቴ እጥፍ በላይ የሆነ ዘንግ ሆነ። ደስ አለኝ፤ ሌላውን እኔ ወረወርኩ። ዘንጉ በሸራው ላይ እንደ እጅጌ በተሰፋ ጨርቅ ውስጥ ያልፋል። እኔ ከወዲያ በኩል ልጎትተው ስል ልጅቷ «አጎቴ፣ አይጎተትም! ይገፋል!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ሲጎተት መጋጠሚያው ይላቀቃል። እየገፋን፣ እያጎበጥን፣ ጫፉን ከማዕዘኑ ቀለበት ስናስገባው ሸራው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነሳ።

ካስማው ግን አስቸገረን። መሬቱ ከላይ ሣር መስሎ ከሥሩ የወንዝ ጠጠር ነው፤ ሦስት ካስማ ጎበጠብን። ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ሸራውን ሲያርገበግበው፣ ከጎናችን የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ መዶሻና ወፋፍራም የብረት ካስማ ይዘው መጡ። መጡ እንጂ አልገቡም። አጥር የለ፣ መስመር የለ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው «ልግባ?» ብለው ጠየቁ። ግቡ ሲባሉ ገብተው አራቱን ማዕዘን መቱልን፤ የካስማው ራስ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያጋድል አድርገው ነው የሚመቱት፣ አውታሩ ሲወጠር እንዳይነቀል። ቡና እስኪፈላ ይቆዩ ብንላቸው አመስግነው ሄዱ።

ያኔ ሰፈሬ ናፈቀኝ። ጡሩንባ ሲነፋ ሳይጠራ የሚመጣው ጎረምሳ፣ ሸራውን «ሆ!» ብሎ የሚያነሳው ሃያ እጅ፣ አግዳሚውን በራሱ ተሸክሞ የሚመጣው ጎረቤት! የእኛ ድንኳን በር የለውም። ሠርግ ላይ ድንኳን ሰባሪ እንኳ በልቶ ጠጥቶ ይወጣል። ይኼኛው በዚፕ ይዘጋል፤ ያውም ሁለት ዚፕ አለው፣ አንዱ ለወባ ትንኝ ዘመድ፣ አንዱ ለብርድ። ስድስታችን ገብተን «ዚ...ፕ» ሲል ዓለም ሁሉ ውጭ ቀረ። እንዲህ ተጠጋግተን የተኛነው እኔና እህቴ በልጅነታችን ነበር።

ጀንበር የጠለቀችው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ልጆቹን በዚያ ብርሃን ተኙ ማለት ከባድ ነው። ከመተኛታቸው በፊት ግን ፍተሻ አለ። አገሩ የድብ አገር ነው፤ ጥቁሩም፣ ግሪዝሊ የሚሉት ግዙፉም አለ። ስለዚህ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ የጥርስ ሳሙና እንኳ ስለሚሸት መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል። በርበሬያችን፣ ቂቤያችን፣ ቡናችን ሁሉ ተቆልፎበታል። በጨለማ የሆነ ነገር ቀርጨጭ ሲል ሰማን። እህቴ መብራት አበራች፤ ትንሹ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ዳቦ ቆሎ እየበላ ነው። አባትየው ኪሱን አራግፎ፣ ፍርፋሪዋን ከፍራሹ ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ፣ በዚያ ብርድ መኪናው ድረስ ወስዶ ቆለፈባት።

«አጎቴ፣ ኢትዮጵያ ካምፒንግ አለ?» አለችኝ ልጅቷ ጨለማው ውስጥ። አዲስ አበባ ራሷ በድንኳን ነው የጀመረችው አልኳት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው፣ ድንኳን አስተክለው፣ ሙቁን ውሃና ሜዳውን ሲወዱት ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ፤ ዛሬም መንደራችንን «ሰፈር» የምንለው ከዚያው ከመስፈር ነው። «ድብ ነበረ?» አለች። ጅብ ነበረ አልኳት። መልስ የለም፤ ተኝታለች።

ጠዋት የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ ረጥቧል። ዝናብ አልነበረም፤ የስድስታችን ትንፋሽ ነው፤ ለሙቀት ብለን የአየር ማስወጫውን ዘግተንበት ነበር። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል። ስለዚህ ካልጋሪ እንደገባን በእህቴ ደጅ ላይ ድንኳኑን እንደገና ተከልነው፣ ነፋስ እንዲያገኝ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ አንዲት መኪና መንገዱ ዳር ቀስ ብላ ቆመች። ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መስኮቱን አውርደው ድንኳኑን፣ እኔን፣ እንደገና ድንኳኑን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው እማማ፣ እያደረቅነው ነው።»

«ተመስገን» አሉና ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። እህቴ ጀበናውን ልትጥድ ገባች።