ጉልቻ ሲለወጥ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ይህን ተረት የጀመረው ሰው ወጥ ሲበላ የኖረ እንጂ ሲሠራ የኖረ አይመስለኝም። እውነት ነው፣ ጉልቻ ስለ ተለወጠ የወጡ ጣዕም ላይለወጥ ይችላል። የሠሪዋ ዓይን፣ ደረቷ፣ ወገቧና የቀኗ ሰዓት ግን ይለወጣሉ። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በተለይም እናቶችና እኅቶች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ስለ ጉልቻ ነው፤ ይኸውም ስለ ሰዎቹ ጉልቻ ሳይሆን ስለ ድንጋዮቹ ነው።

በአገራችን ትዳር መያዝን «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ሦስቱ ድንጋዮች ድስት የሚሸከሙ ብቻ ሳይሆኑ የቤቱ ብርሃን፣ የቤቱ ሙቀትና የቤተሰቡ መሰብሰቢያ ናቸው። በተለይ እንደ ሐሮ ወንጪ ባለ ደጋ አገር ይህ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ሲሆን፣ የወንጪ ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጠፋ እሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ የተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ስሟን ያልሰማ ጥቂት ነው። ጎብኚው ሐይቁን፣ ፈረሱንና የደሴቱን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ይመለሳል። ሌሊቱን የሚያውቀው ግን እዚያ የሚያድር ሰው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ የእንሰቱን ቅጠል ሲያጠወልግ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ በር ሲያንኳኳ፣ ያለ እሳት የሚታደር አይደለም።

እናቴና አያቴ የሚኖሩት እዚያ ነው። አያታችንን በቤታችን አኮ እንላታለን። አኮ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት አጥፍታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጧት አመዱን ገለጥ አድርጋ በጭራሮ ታስነሣዋለች። ክብሪት በቤቱ ውስጥ ሥራ ፈት ነበር። ከሣሩ ቤት ጣራ ሥር የተጋገረው ጥቀርሻም ለእሷ ቆሻሻ ሳይሆን ሀብት ነው፤ ጭስ የጠጣ ሣር ነቀዝና ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ዝናብም ይችላል። ይህን የምናገረው አዲሱን ነገር ለማወደስ ብለን አሮጌውን አላዋቂ እንዳናደርገው ነው። የድሮው ምድጃ አንድ ማገዶ አንድዶ አራት ሥራ ይሠራ ነበር፦ ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ያበራል፣ ጣራ ይጠብቃል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ግን የእናቴ ዓይን ይናገራል። እናቴ ገና ስድሳ ሳይሞላት ዓይኗ ሁልጊዜ ያለቀሰች ይመስላል፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ሳሏ እስከ ጥቢ ድረስ አይለቃትም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ ለምን እንደሚበዙ ለእኛ ማስረዳት አያሻም። እናት ስትጋግር ልጅ የሚታዘለው በጀርባዋ ነው፤ እሷ የምትስበውን ጭስ እሱም ይስባል።

ማገዶም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በአዲስ ዓለም ያልፋል። ያች ከተማ የተቆረቆረችው ወደ 1893 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላለቀ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የአንድ መንግሥት መቀመጫ በማገዶ ምክንያት ሊነቃነቅ ከቻለ፣ የአንዲት ሴት ጀርባ እንዴት አይጎብጥ?

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ወንድሜ ከሣሩ ቤት ጎን የቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ግድግዳውን በደንብ አስመረገ፣ ኮርኒስም አስመታ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ እኔና እሱ ተጋግዘን ለእናታችን «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ገዛንላት። ምርጥ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባለሙያዎች ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ቀላል አሸዋ ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ይወጣል። ክፍሎቹ ስድስት ናቸው፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ በኩል የጭስ መውጫና የድስት ማሳረፊያ ይሆናሉ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ነፋስ ከየአቅጣጫው እየገባ ነበልባሉን ይበትነዋል። በምርጥ ላይ ግን አየር የሚገባው በፊት ለፊቱ አፍ ብቻ ስለ ሆነ ነበልባሉ በምጣዱ ሆድ ላይ ያርፋል፤ ተርፎ የሚወጣው ግለት ደግሞ ከኋላ ያለውን ውኃ ወይም ወጥ ያሞቃል። በትክክል ከተተከለና ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እኩሌታ ያህል ያድናል።

ክፍሎቹን ከሐሮ ወንጪ ከተማ እስከ ቤታችን የወሰዱት ሁለት ፈረሶች ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ተሰንጥቆ ደረሰ። ሻጩ «መንገድ ላይ ነው የተሰበረው» ብሎ ድርቅ አለ፤ ወንድሜ ሲሚንቶው በቂ ውኃ ሳይጠጣ ተቻኩሎ ደርቋል ባይ ነው። ሁለቱ ሲከራከሩ እናቴ ስንጥቁን በጭቃ መርጋ መጋገር ጀምራለች። እናንተ ስትገዙ ግን ስንት ቀን ውኃ ሲጠጣ እንደ ቆየ ጠይቁ፤ ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቴን ያየ ሙሽራ ይላታል። በሳምንት አራት ሸክም ይፈጅ የነበረው ቤት በሁለት ሸክም መዋል ጀመረ። እጇ በነበልባል አይለበለብም፤ ጭሱም ጨርሶ ባይጠፋ ቀነሰ። አኮ ግን ዝም አለች። ሽማግሌ ዝም ሲል ነገር አለ። በሰኔ የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ጋቢዋን ተከናንባ እንዲህ አለች፦

«ጭሱን ወሰዳችሁልኝ፤ ሙቀቱንስ ለማን ሰጣችሁት?»

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም። ስለ ምድጃ የሚያስተምሩን ሰዎች ስለ ማገዶ ቁጠባና ስለ ጭስ ብዙ ይነግሩናል፤ በደጋ አገር እሳቱ የማታ ልብስ መሆኑን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ሦስት ጉልቻ የሚያባክነው ግለት የትም አይሄድም፤ አዛውንቶችን ያሞቅ ነበር። ባክኗል የምንለው ለምጣዱ እንጂ ለአኮ አልነበረም። ይህን ጉድለት ሳይሞሉ ጉልቻውን ማንሣት ሌላ አደጋ ይጠራል፤ የተጠራውም መጣ።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት አኮና ሁለት ሕፃናት የወንድሜ ልጆች በአዲሱ ቤት ተኙ። ብርዱ ስለ ጠናባቸው የቀላ ከሰል ያለበት ማንደጃ ገባላቸው። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ተብሎ በሩ ተዘጋ። በሣሩ ቤት ቢሆን ጣራው ራሱ ይተነፍስ ነበር። በተመረገና ኮርኒስ በተመታበት ቤት ግን አየር መግቢያም መውጫም የለውም። እኩለ ሌሊት ላይ ትንሹ ልጅ ሲያስመልሰው አኮ ነቃች፤ ራሷን ፈለጣት፣ ለመነሣትም ጉልበቷ ከዳት። በደረቷ እየተሳበች በሩን ከፈተችው። ጎረቤት ደርሶ ሦስቱንም ወደ ውጭ አወጣ። ዛሬ ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ እኔም ይህን መጻፍ የቻልሁት ስለዚህ ነው።

ይህ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። የእንጨት ጭስ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ግን እንቅልፍ መስሎ ይመጣል። ከሰል በቀላ ጊዜም ይህን ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እየያዘ ሰውን ያደክማል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ቡዳ ወይም ምግብ አትፈልጉ፤ በሩን ክፈቱ፣ ሰዎቹን አውጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ማንደጃ በመኝታ ቤት አይታደርም፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን።

ነገሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግራት የራሷን አወራችኝ። እዚያ ቤት የሚሞቀው በጋዝ በሚሠራ ቦይለር ነው። የእሷ አሮጌ ቦይለር ከነውኃ ማጠራቀሚያ በርሜሉ ተነሥቶ «ኮምቢ» በሚሉት ተተካ፤ ይህም አንዱ መሣሪያ ቧንቧው ሲከፈት የሚታጠቡበትን ውኃ ያሞቃል፣ ቤቱንም ያሞቃል። እንደኛ ጉልቻ ሁሉ አንድ እሳት ሁለት ሥራ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን መሣሪያውን የሚነካው በሕግ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ቤት የሚያከራይ ሰው እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰቅል ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታው ሆኗል። እነሱ ደወል አላቸው፤ እኛ በዚያ ሌሊት የነበረን ደወል የአንድ ሕፃን ሆድ ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። «ጉልቻውን መልሱልኝ» ትላለች ብለን ስንጠብቅ አኮ የጠየቀችው ሌላ ነበር፤ ምድጃው ወደ እሷ ይጠጋ አለች። ወንድሜ ማድ ቤቱን ከአኮ መኝታ ግድግዳ ጋር አያይዞ ሠራው፤ ምድጃውም ግድግዳውን ተጠግቶ እንደ ገና ተተከለ፣ በማድ ቤቱ በላይኛው በኩልም ሰፊ የጭስ መውጫ ተከፈተ። በወዲያ በኩል የጭቃ መደብ ተሠርቶ የአኮ መኝታ ሆነ። እናቴም የምትጋግርበትን ሰዓት ከጧት ወደ ማታ ለወጠች። ሲሚንቶው አንድ ጊዜ ከጋለ ቶሎ አይበርድም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ግድግዳው ለብ እንዳለ ይቆያል። ከኋላ ባለው ድስት የፈላው ውኃ በጠርሙስ ተሞልቶ በጨርቅ ይጠቀለልና ከእግሯ ሥር ይገባል። ሁለቱ ሕፃናት አሁን የሚጣሉት ማን ከአኮ ጋር ይተኛ በሚለው ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድስ የምትሉኝ አላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው እሱ መሆኑን አልክድም፤ ጭስ የለውም። ነገር ግን ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ የሚስብ ዕቃ ስለ ሆነ የማይቆራረጥ ጠንካራ መስመር ይፈልጋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ከግድቡ እስከ ገጠር ማድ ቤት እስኪደርስ ግን የሚተከል ምሰሶና የሚዘረጋ ሽቦ ብዙ ነው። እስከዚያው ድረስ ሰው መብላቱንና መሞቁን አያቆምም። ባሎችም ይህን ልብ እንዲሉት እወዳለሁ፤ በብዙ ቤት ለራዲዮና ለስልክ ገንዘብ ሲገኝ ለምድጃ አይገኝም፣ ምድጃ «የሴት ዕቃ» ነውና።

እናቴ አሁን ሌላ ጥያቄ አንሥታለች። ምርጥ የተሠራው ለምጣድ ስለ ሆነ ለወጥና ለቡና ብቻ እሱን ማንደድ ማገዶ ማባከን ነው ትላለች፤ ትክክል ናት። ለድስት የሚሆነውን አነስተኛ ምድጃ ከአምቦ ገበያ እንድንፈልግላት አዝዛናለች። ይህኛው ሳይሰነጠቅ እንዲደርስ ገለባ ይዤ እሄዳለሁ።