ገደል የገቡት

ቋራ ተወልዶ ቴዎድሮስን ማማት የሚሞከር ነገር አይደለም። ገለጉ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲነሣ መይሳው ካሳ የሚወሳው እንደ ሩቅ ንጉሥ ሳይሆን እንደ ዘመድ ነው። እኔም ያደግሁት በዚያ ወሬ ነው። ይህን ፍቅሬን የፈረንጅ ጨዋታ ይፈትነዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን የየራሳችንን ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባበታለን፤ የሚሆነው ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። ከሁሉ የምወደው ትሬሲና ላውራ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡትን ሬቨንሎፍትን ነው። የባሮቪያው ገዥ ስትራድ የወንድሙን ሙሽራ ተመኝቶ በሠርጉ ቀን ወንድሙን ገደለ። ሙሽራይቱ ታቲያና ግን ከእሱ እጅ ከመውደቅ ገደል መግባትን መረጠች። ስትራድ ደም መጣጭ ሆኖ ቀረ፤ አገሩንም ጉም ዋጠው። ጉሙ የሚታዘዘው ለእሱ ነው፤ ሌላውን ያግዳል፣ ያሳልፋል። እሱ ራሱ ግን መውጣት አይችልም። የተመኛት ሴትም በሌላ መልክ ደጋግማ ትወለዳለች፣ ደጋግማም ታመልጠዋለች። ቅጣቱ መንገሡ ነው።

አጫዋችነቱ ለእኔ ሲደርስ እንዲህ ያለ ገዥ ከአገሬ ታሪክ ልፈልግ አልኩ። የመጣልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደነገጥኩ። ካሳ በ1840 ዓ.ም. በእኛው ቆላ አቅጣጫ ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር መድፍ ተመታ። መድፍ ከዚያ ወዲህ ከልቡ አልወጣም። ከነገሠም በኋላ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን መድፍ አሠራቸው። 7 ቶን ያህል የምትመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየጠረገ በሰው ጉልበት አስጎተታት። ያኔ ግን ጎንደርን አቃጥሏታል፤ አገሩ በየአቅጣጫው ሸፍቶበታል። አንድ ላደርጋት ብሎ ከተነሣላት ኢትዮጵያ በእጁ የቀረው አንድ አምባ ነበር።

ስትራድና ቴዎድሮስ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያ ለራሱ ተመኘ፤ ይህ ለአገሩ። (ገለጉ ላለው አጎቴ ይህን ልዩነት ማስረዳት እችል እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ጨዋታውን ጨርሶ አልነገርኩትም።)

ዝግጅቴን ያሳየኋት አንዲት ተጫዋች ግን ስለ ንጉሡ አልጠየቀችኝም። «እስረኞቹስ? ስም አላቸው?» አለች። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን እህልና ውሃ ብለው ቢጮኹ ቴዎድሮስ ተቆጥቶ ብዙዎቹን አስገደለ፣ ገደል አስወረወረ። በአራተኛው ቀን ራሱን ገደለ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከለት ስጦታ መሆኑን የቋራ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከእስረኞቹ የአንዱን ስም እንኳ ቡና ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ጀግና ብንለውም፣ ጨካኝ ብንለውም የምናወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። በጨዋታው መጽሐፍም ያው ነው፤ ገዥው ገጽ በገጽ ይተነተናል፣ ባላገሩ በአንድ መስመር ይታለፋል።

ዝግጅቴን ቀደድኩና እንደ አዲስ ጻፍኩት። ተጫዋቾቹ አሁን እስረኞች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ስም፣ የትውልድ ቀዬና የታሰሩበት ምክንያት ሰጥቻለሁ። ንጉሡ በመጀመሪያው ምሽት አይገባም። ስለ እሱ ሰንሰለት ላይ ሆነው ይከራከራሉ፤ አንዱ ይረግመዋል፣ አንዷ ይምረኝ ይሆናል ትላለች። አንድ ሽማግሌ እስረኛ ደግሞ ዛሬም ይወደዋል። የሽማግሌውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ።