«የማን ነው?» ከማለት በፊት

ትንሿ እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ አምስት አምስት አድርገው መደቧቸውና «አንድ አንጋፋ ፀሐፌ ተውኔት መርጣችሁ ጥናት ሥሩ» አሏቸው። የእሷ ቡድን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን መረጠ። መረጃው እንደሆነ ሞልቷል። በአንድ ምሽት ስድስት ገጽ ሆነ፦ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ ተወለደ፤ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሰ፤ በ1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ አረፈ፤ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ፎቶም ተለጠፈ። አለቀ።

ግን አላለቀም። «አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ጠብ ተነሳ። አንዱ ልጅ «ምን ያደርጋል? ትውጣ» አለ። ሌላው «እንዲያውም በደማቁ ትጻፍ» አለ። እህቴ የቴሌግራም ግሩፓቸውን አሳየችኝ። እናንተዬ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ስድቡ ግን የትልልቅ ሰዎች ነው። ሁለቱ ልጆች በነጋታው መነጋገር አቆሙ።

ስድስቱን ገጽ አነበብኩት። ስለ ሰውዬው ብዙ ነገር አለ፤ ከጻፈው ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ታዲያ በምን ይከራከሩ? በእጃቸው ያለው የትውልድ ሐረጉ ብቻ ነው።

«አንድ ተውኔት ምረጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት» አልኳት። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን መረጡ። ቅዳሜ እኛ ቤት መጡ፤ እማዬ ቡና አፈላች። መጀመሪያ ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። የጸጋዬ አማርኛ ደግሞ ለአፍ ቀላል አይደለም፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራል። የተኳረፉት ሁለቱ ልጆች ሳያስቡት እንደገና መከራከር ጀመሩ፤ የአሁኑ ክርክር ግን «እዚህ ጋ ነው መተንፈስ ያለብህ»፣ «አይ፣ እዚያ ጋ» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ አንዷ ልጅ ዓመተ ምሕረቱን አስተዋለች። ፋሺስት ኢጣሊያ አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬም የ1928 ልጅ ነው። «እንዴ! ሊያስታውሰው የማይችለውን ሰዓት እንዴት አድርጎ ጻፈው?» አለች።

የጥናቱ ጥያቄ እሱ ሆነ። ከጥያቄው በኋላ ሥራው እግር አወጣ። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ያለው የአቡኑ ሐውልት ድረስ ሄዱ። የሰፈር ሽማግሌዎችን ስለ ጠላት ዘመን ምን ሰምታችሁ አደጋችሁ እያሉ ጠየቁ። «በደማቁ ትጻፍ» ያለው ልጅ ደግሞ ጸጋዬ በእንግሊዝኛ የጻፈውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለ ተውኔት ፈልጎ አመጣ፤ ኦዳ በኦሮሞ ዘንድ የተከበረው ዛፍ ነው። «ትውጣ» ያለው ልጅ ተቀብሎት ስለ እሱ አንድ አንቀጽ ጻፈ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር አልወጣችም፣ አልደመቀችምም። እንደማንኛውም እውነት በቦታዋ ተቀመጠች።

እንዲህ ዓይነት ሥራ የተሰጣችሁ ተማሪዎች ካላችሁ፣ የሕይወት ታሪኩን ለኋላ አቆዩት። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሁለት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከተጣላችሁት ልጅ ጋር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ተውኔት ተራ ይጠይቃል፤ እሱ ሲናገር እናንተ ዝም ማለት አለባችሁ።