ዳኛው የት ቆሞ ነበር?

በርበሬ በረንዳ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውን በቅጡ ሳይሰማም «ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መርካቶ ብዙ ተራ እንዳላት አንባቢ አይጠፋውም። ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሸራ ተራ እያለ ይሄዳል፤ ሁሉም በየስሙና በየሸቀጡ ይታወቃል። በርበሬ በረንዳን ግን እኔ ከሸቀጡ ይልቅ በሙግቱ ነው የማውቀው። የማረቆው፣ የአላባውና የጎጃሙ ዛላ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ከመኪና ይወርዳል። ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። ወፍጮው ያጓራል፣ ቀዩ አቧራ ይነሣል፤ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጎረምሳ ኩንታል ጀርባው ላይ እንደጫነ ዞር ብሎ «ሪጎሬ አልነበረም አልኩህ!» ይላል። ሸክሙን ሳያወርድ!

እናቴ በዚህ ሰፈር በርበሬ እየቀነጠሰች ነው ያሳደገችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ማዳበሪያ ላይ ዘርግቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ስለ ኳስ ያወቅሁትንም ያወቅሁት እዚያው ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ በማዳመጥ ነው። ዛሬም ጊዜ ሳገኝ እሄዳለሁ፤ በተለይ ሰኞ ጠዋት። ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ላይ የተፈጸመው ሁሉ ሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት በከፈቷት ሻይ ቤት ችሎት ይቀርባል። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሚዛን ያዡ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በርበሬ የለበሰው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም ጠበቃ ነው፤ ሁሉም ዳኛ ነው። ተከሳሹ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፊሽካ የያዘው ሰው።

የጨዋታውን ቋንቋ ልብ ብላችሁ አዳምጣችሁት እንደሆነ፣ ከቃላቱ ብዙዎቹ ጣሊያን ጥሎብን የሄደው ናቸው። እግር ሲሰነዘር ካልቾ፣ በግንባር ሲመታ ቴስታ፣ ቅጣቱ ሪጎሬ፣ ደጋፊው ቲፎዞ። ፊሽካ ለያዘው ሰው ግን ከቤታችን ስም አውጥተን ሰጠነው፤ ዳኛ አልነው። በችሎት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ዳኛ፣ በአጭር ሱሪ የሚሮጠውም ዳኛ። ፈረንጅ ለሁለቱ ሁለት ስም አለው። እኛ አንድ ቃል ስለሰጠናቸው፣ ከፍርድ ቤት ጋር ያለን የቆየ ሒሳብ ሁሉ ሜዳው ላይ ወረደ።

መቼም ሙግት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ወግ ተሟጋቾች ቆመው፣ በግጥምና በምሳሌ እየተመላለሱ ይከራከሩ ነበር፤ በነገሩ የተማመነም ማር ወይም ፈረስ ወይም በቅሎ ያስይዝ ነበር። የተጣሉ ሰዎች ፍርድ ቤት እስኪደርሱ መጠበቅ አልነበረባቸውም፤ መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉታል፣ እሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። በእትዬ ሻይ ቤት በቅሎ የሚያስይዝ የለም፤ የሚያዘው ሻይ በዳቦ ነው። ወጉ ግን ያው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ።

የበርበሬ ሰው ደግሞ ማስረጃ መመርመር ያውቅበታል። ብልህ ገዢ ዛላውን ከማዳበሪያው ወገብ ይመዝዛል እንጂ ከአፉ አያነሣም፤ ከላይ ያለው ለዐይን የተቀመጠ ነውና። ወደ ጆሮው አቅርቦ ይነቀንቀዋል። ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል፤ ዝም ካለ እርጥበት አለው። እርጥቡ በርበሬ ሚዛን ይደፋል፣ ውሎ አድሮም ይሻግታል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው፣ አጥቂው ወደቀ ወይስ ተጣለ ሲባል እንዴት ዝም ይላል? «ሳይነካው ነው ጉልበቱ የታጠፈው፤ እርጥብ ነው!» ይላል። በዚያች ሻይ ቤት «እርጥብ» የማስመሰል አወዳደቅ ስም ከሆነ ቆይቷል።

አዛውንቶቹ ክርክሩን ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይጀምራሉ። በዚያ ቀን የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን፣ በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ እየተመራ፣ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ አስቀረ። የዚያን ቀን ዳኛ ማን እንደነበረ ግን በበርበሬ በረንዳ የሚያነሣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያሸነፈ ሰው ዳኛውን ይረሳል። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስንወስድም እንዲሁ ነው፤ የሚነሣው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። እኔ የተወለድሁት በዚያው ዓመት ስለሆነ ድምፁን ያወቅሁት ከሌሎች አፍ ነው፤ ጎረምሶቹ እንኳ ሳይሰሙት ያስመስሉታል።

የእኔ ትውልድ ፋይል የሚከፈተው በ2005 ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ተጫወትን፤ ከ1954ቱ ድል ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ የእኛው በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ፤ አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያየን። በጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ናይጄሪያ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግኝታ ሁለቱንም ቪክቶር ሞሰስ አስቆጠረ። በሁለተኛው ላይ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣና፣ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጠለቀ። ይህን ሁሉ ሻይ ቤቷ ተከራክራበት ሳትጨርስ ነው የጥቅምት 3 ቀን 2006ቱ የደረሰው።

በዚያች እሑድ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር ስንገጥም፣ በእኛና በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ መካከል የቀረው 180 ደቂቃ ብቻ ነበር። እሑድ ስለነበር ወፍጮው ቆሟል። ሻይ ቤቷ በሰው ተጨናንቃ፣ ቁመተ ረጃጅሞቹ በበሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሷ ከናይጄሪያ ጎል መስመር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ገብታ ወጣች ወይስ ሳትገባ? ጨዋታው ይቀጥል ተባለ። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አስቆጠረና ጣሪያው የሚነሣ መሰለ። ከዚያ ኢማኑኤል ኢመኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ ለናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ያንኑ ሰው ያንኑ መረብ። 2 ለ 1። ማንም አልጮኸም። እትዬ ብቻ ብርጭቆ እየሰበሰቡ «ታዲያ የመጀመሪያዋ ገብታ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሰኞ ጠዋት በዚህ ጥያቄ ሁለት ወዳጆች ተጣሉ። አንደኛው ተሸካሚ ነው፤ ሌላው ሚዛን ያዥ። ተሸካሚው «ዘረፉን» አለ። ሚዛን ያዡ አንድ ሽንኩርት አንሥቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «ሕጉ ኳሷ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ትለፍ ይላል። ስፋቷ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንተ ከጎን ሆነህ ስታያት ያለፈች ትመስልሃለች። እኔ ሚዛን ስታነብ ፊት ለፊት ቁም የምልህ ለምንድን ነው? የሚዛን እጅ እንኳ ከጎን ሲያዩት ይዋሻል» አለው። ተሸካሚው ሽንኩርቱን በእጁ ጠርጎ ጣለና «ባንዳ!» አለው።

ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ተሸካሚው ከዚያ ሚዛን ላይ ኩንታል አላነሣም። ለሁለት ሰዎች ኩርፊያ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሸክም ያላነሣ ተሸካሚ በዚያ ቀን አልበላም ማለት ነው። ተሸካሚ ያጣ ሚዛን ያዥም ጌታው ይቆጣዋል። ኩርፊያው ሳምንታት ቆየ። በመካከሉ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ የመጀመሪያዋ ጎል አሁንም ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። ቁስሉ ላይ በርበሬ ነሰነሱበት እንደማለት ነው።

በመጨረሻ ነገሩ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ቀረበ። በሀገር ቤት፣ በጉራጌ፣ የየጆካን ሸንጎ ወግ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ኳስ ግን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ሁለቱን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ነገሩን ከሥሩ ሰሙ። ከዚያ ተሸካሚውን፣
«ዳኛው የት ቆሞ ነበር?» ብለው ጠየቁት።
«እሱን አላየሁም አባባ። ኳሷን ነበር የማየው።»
«ሌላ ዳኛ አልነበረም?»
«የመስመር ዳኛ አለ።»
«እሱስ የት ነበር?»
«እሱንም አላየሁም።»
ሽማግሌው ዙሪያውን የቆምነውን ሁሉ ጠየቁ። ሁላችንም ያየነው ኳሷን ነበር። «እንግዲያ የፈረዳችሁት ባላያችሁት ሰው ላይ ነው» አሉ። ቀጥለው ወደ ሚዛን ያዡ ዞሩ፦ «አንተም ልጄ፣ እውነት ይዘህ ይሆናል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ገብተህ ሒሳብ አይሠራም። ሐዘኑ ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ሽንኩርት ይዘህ ቀረብህ።» ሁለቱም ሻይ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፤ ለቆምነው ሁሉ። ታረቁ።

ከዚያ ወዲህ «ዳኛው የት ቆሞ ነበር?» የሻይ ቤቷ ሕግ ሆነ። ከመክሰስህ በፊት ዳኛው ከየት እንዳየ ትናገራለህ፤ ካልቻልህ ሻይ ትከፍላለህ። ክርክሩ አልቀነሰም፤ ተራዘመ እንጂ። አንድ ነገር ግን ታየኝ። ያን ዘመቻ ሊያሰናክለው ከተቃረበው ነገር አንዱ ከፊሽካ ጋር ምንም አልተገናኘም፤ በሰኔ 2005 ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት በካርድ መቀጣት የነበረበትን ተጫዋች በማሰለፋችን 3 ነጥብ ተቀንሶብናል። ያን ያደረገው የገዛ ቤታችን ነው። ሻይ ቤቷ ውስጥ ግን ያ ጉዳይ ሁለት ሰኞ አልሞላም። ስሕተቱ የወረቀት ነው፤ ፊት የለውም፣ አይሮጥም፣ ፊሽካ አይነፋም። ሰው ቁጣውን የሚያሳርፈው ፊት ባለው ላይ ነው።

ቁጣው በሻይ ሳይበርድ ሲቀር ምን እንደሚሆንም አይተናል። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አንድ የፕሪሚየር ሊግ ዳኛ በጎል ውሳኔ ሰበብ ሜዳ ላይ ተደብድቦ፣ ሊጉ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ያ ዳኛም የአንድ ቤት ልጅ፣ ምናልባትም የልጆች አባት ነው። ዳኛን መማታት በአያቶቻችን ወግ ከነውርም ነውር ነበር፤ በጠላቱ ፊት እንኳ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር።

በሌላ በኩል በመስከረም ፀሐይ ፊት የሚያስቆም ነገርም አይተናል። ከእኛ ወገን ሥዩም ታረቀኝ በ1962 ዓ.ም. ለሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበሩ። ባምላክ ተሰማ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሩሲያ ሄደዋል። እኚሁ ባምላክ በጥር 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶን ሲዳኙ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ምስሉ ተጣርቶ ውሳኔያቸውን ሽረዋል። በዚያ ምሽት እትዬ ሻይ ቤት ነበርሁ። «አሳፈረን» የሚል ጠብቄ ነበር። ያ «ባንዳ» ባዩ ተሸካሚ ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ፍርዱን በሰው ሁሉ ፊት ያጠፈ ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም አሰብሁ፤ አላስታወስሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚያ ሜዳ ላይ ለመጥራት የፈጀበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚሟገቱ የገባኝም ያኔ ነው። ተሸካሚ ቀኑን ሙሉ ፍርድ ሲቀበል ይውላል። የሸክሙን ዋጋ ሌላ ይወስናል፤ ኩንታሉን ሌላ ይቆጥራል፤ ቢበደል ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም፤ ቢጮህ ነገ ሌላ ተሸካሚ ይጠራል። ሪጎሬው ላይ ግን ድምፁ ከደላላውም ከነጋዴውም እኩል ነው። ማስረጃ ያቀርባል፣ ይመረመራል፣ ይረታል ወይም ይረታበታል። በሳምንት አንድ ጠዋት ሙሉ ዜጋ ሆኖ ይከራከራል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ተሸካሚ ሒሳቡን ሊቀበል ከነጋዴው ፊት ቆሞ አየሁ። ነጋዴው «አሥራ አምስት ኩንታል ነው» አለው። ልጁ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይቅርታ ጋሼ፣ የቆጠረው ሰው የት ቆሞ ነበር?» አለ። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቆጣሪውን ጠራው። ቆጣሪው በር ላይ ሆኖ ከመኪናው የወረደውን ብቻ እንደቆጠረ፣ በጓሮ በር የገባውን እንዳላየ ተናገረ። እንደገና ተቆጠረ፤ አሥራ ሰባት ሆነ። ልጁ የሁለቱን ኩንታል ዋጋ ተቀበለ፣ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አጣጥፎ ወደ ሌላው መኪና ሄደ።