ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው ከጊንጪ አምቦ ድረስ፣ ኮምፒውተር ወደምጠግንበት፣ በሚኒባስ ይዘው መጡ። መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ታቅፈውት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሳያኖሩት በፊት በኦሮምኛ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሱራን ኮ ኤሳ ጅራ?» ፎቶዬ የት አለ?

ላፕቶፑ የባለቤታቸው ነው። መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በወጣትነታቸው እዚሁ አምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የድሮ ፎቶዎቻቸውን አንድ በአንድ ስካን እያስደረጉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አጠራቀሟቸው። ወረቀቶቹን ከዚያ ወዲህ እርጥበት ጨርሷቸዋል። የቀረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ነው።

ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ልጃቸው ለጥገና ሰጠው። ፈጥኖ ተመለሰ። ፎልደሩ ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ፊት የለም፤ በቦታው አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። ሌላ ቦታ ሲያሳዩት «ተበልቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ተባሉ፤ ያለው ሁሉ ይደምሰስ ማለት ነው። እናትየው «ቆይ» አሉ። ፎቶዎቹን ያተረፋቸው ያ «ቆይ» ነው፤ ከእኔ ሙያ ይበልጣል።

ከምልክቶቹ አንዱን ሁለቴ ስጫነው ባለቤታቸው ወጡ፤ ኮት ለብሰው፣ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ቆመው። «አዴ፣ አሉ። አንድም አልጠፋም» አልኳቸው። ወዲያው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ይሄ ባኮ የተመደበው ነው፤ ይሄኛው ሆለታ ነበር» እያሉ ያስተዋውቁኝ ጀመር።

ነገሩን ለሰው የማስረዳው በመታወቂያ ነው። ፎልደር ስንከፍት የምትታየን ትንሿ ምስል፣ ተምኔል የምንላት፣ የፎቶው ጉርድ ፎቶ ናት። ዊንዶውስ ዋናውን ፎቶ አንዴ አንብቦ፣ አሳንሶ፣ በራሱ ድብቅ መዝገብ ያስቀምጣትና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ እየመዘዘ ያሳየናል። በኤክስፒ ዘመን መዝገቡ በየፎልደሩ የምትቀመጥ «ተምብስ ዲቢ» የተባለች ፋይል ነበረች፤ ስንቱ ሰው ቫይረስ መስላው ሲያጠፋት ኖሯል። ከቪስታ ወዲህ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ጉርድ ፎቶው ከመታወቂያው ላይ ቢላቀቅም ባለመታወቂያው ግን በሰላም ቤቱ ነው ያለው።

የእናታችን ላፕቶፕ የደረሰበትም ይኸው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚባል ምርጫ አለ። አሮጌ ማሽን ለማፍጠን ሁሉም ጠጋኝ የሚነካው ነው፤ እኔም እነካዋለሁ። ሲነካ ጥላውንም፣ እንቅስቃሴውንም፣ ማሽኑ ጌጥ ነው ብሎ የሚቆጥረውን ሁሉ ያጠፋል። ተምኔልንም የሚቆጥራት ከጌጡ ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ሾው ተምኔይልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይከንስ» የሚለው ላይ የራይት ምልክት መለስኩበት። ፊቶቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየበሩ መጡ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ ነው እኚህን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ልንቀብራቸው የነበረው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ «ቪው» በሚለው ገጽ ላይ ነው፤ «ኦልዌይስ ሾው አይከንስ፣ ኔቨር ተምኔይልስ» የሚለው ላይ ራይት ካለ አንሱት። ከዚህም የቀለለ አለ፦ ፎልደሩ በሊስት ወይም በዲቴይልስ ተከፍቶ ከሆነ ወደ ላርጅ አይከንስ መለወጥ ይበቃል። ግማሹ እየታየ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም የአንዱ ፊት በሌላው ፋይል ላይ ከወጣ፣ የተበላሸው መዝገቡ ሊሆን ይችላል። ዲስክ ክሊንአፕ ከፍታችሁ «ተምኔይልስ» የሚለውን ብቻ አጥፉት፤ ዊንዶውስ ከዋናዎቹ ፎቶዎች አዲስ ይሠራል። «ብቻ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በአንዳንድ ዊንዶውስ 10 ላይ ዳውንሎድስ ራሱ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ከቴሌግራም ያወረደውን ፎቶ ሁሉ እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ፍላሽ ሌላ ጣጣ አለው። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ ፎቶን ቦታ እንዲቆጥብ ብሎ «ኤች ኢ አይ ሲ» በሚባል ዓይነት ያስቀምጣል። የልጅ ልጅ የክርስትና ፎቶ ከአሜሪካ ይመጣና አያት ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ አይታይም፣ አይከፈትም። ከማይክሮሶፍት ስቶር ማንበቢያው ሲጫን ይታያል፤ ወይም ላኪው ስልኩ ላይ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርማትስ» የሚለው ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢል ከዚያ በኋላ የሚያነሳው በጄፔግ ይሆናል። እነዚህን ፎቶዎች «ተበላሽተዋል» ብሎ ማጥፋት ያልገባንን ደብዳቤ እንደ ማቃጠል ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ በየከተማችን ፎርማት የመጀመሪያ መድኃኒት መሆኑ ነው። ቀድሞ ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቭ ያስቀምጥ ነበር፤ ወረቀቱ ቢጠፋ ተመልሶ ማሳጠብ ይቻል ነበር። ዛሬ ኔጋቲቩም፣ አልበሙም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም አንዲቷ ፋይል ናት። ወንድሞቼ ጠጋኞች፣ ሰው ማሽኑን ሲሰጠን ይህን እየሰጠን ነው። አንዷን ፋይል ሁለቴ ተጫኑ፤ መጠኗን እዩ። ዜሮ ካልሆነች ተስፋ አለ። ከዚያ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እርግጥ በእውነት የተበላሸም ይገጥማል። ከጉደር የመጣ አንድ ወጣት ሜሞሪ ካርድ ሰጠኝ፤ እናቱን በትንሽ ካሜራ ያነሳበት ነው። ፎልደሩ ላይ ትንሿ ምስል ጥርት ብላ ትታያለች፤ ሲከፈት ግን ከግንባራቸው በታች ግራጫ ነው። ካርዱን እንደ ጠፋበት ቢቆጥር ኖሮ ሌላ ፎቶ ያነሳበትና ያለችውም ትሄድ ነበር፤ ደግነቱ አልነካውም። ዋናውን ፎቶ ላድነው ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ አልሆነም። ግን ካሜራው ፎቶ ሲያነሳ ከፋይሉ መነሻ ላይ የራሱን ትንሽ ምስል ይጨምራል፤ 160 በ120 ፒክስል ናት። የፋይሉ ወገብ ሲበላሽ ያቺ ብዙ ጊዜ ትተርፋለች። እሷን ለብቻዋ አወጣኋት።

ስክሪኑ ላይ ስትዘረጋ ትፈርሳለች። ሳትዘረጋ ስትታተም ግን የምትሞላው 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልክ ጉርድ ፎቶ። እናቱ በዚያች ላይ ይታወቃሉ፤ የሹሩባቸው መስመር እንኳ ይለያል። ልጁ ሁለት አሳተመ፤ አንዷን ለእህቱ ይዞላት ሄደ፣ አንዷን ኪስ ቦርሳው ውስጥ ከመታወቂያው ጎን አስገባት።