የባሕር ማዶ ሲኒ፣ የአገር ቤት ጀበና

በናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተ ደረቅ ወደብ አለ። ከሞምባሳ የተነሣው ኮንቴይነር በባቡር ደርሶ የሚራገፈው እዚህ ነው። ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ ሲኒውም ከሩቅ ምሥራቅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። በዚሁ ሰፈር ቡና የምታፈላ ኢትዮጵያዊት ግን ጀበናዋን የምታገኘው ከአገር ቤት ነው፤ እንዳይሰበር በነጠላ ጠቅልሎ በሻንጣ የሚያመጣላት ዘመድ ያስፈልጋታል። ቡናው ሲቀርብ ሁለቱ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዚህ ጉርብትና ታሪክ ረጅም ነው።

በማሊንዲ አቅራቢያ የምትገኘውና እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጌዲ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪ አጥታ በደን ተውጣ የቀረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ጄምስ ኪርክማን እ.ኤ.አ. በ1948 ቁፋሮ ከጀመረ በኋላ፣ ከፍርስራሿ የቻይና ሸክላ ተገኘ፤ አረንጓዴው ሴላዶን፣ ሰማያዊና ነጩ ፖርሴሊን። ከማሊንዲ በስተሰሜን፣ በማምብሩይ፣ ደግሞ ጎድጓዳ የቻይና ሳህኖች በመቃብር ዓምድ ላይ ተለስነው ነበር። ሠሪው ሳህኑን ለማዕድ አበጀው፤ የስዋሂሊ ጠረፍ ሰው ግን ለሙታኑ ክብር አዋለው። ዕቃው ከሩቅ ቢመጣም ማዕረጉን ያገኘው እዚህ ነው።

በአክሱም ዘመንም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው፣ «ፔሪፕለስ» የሚባለው የቀይ ባሕር ንግድ መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ለንጉሡ የሚቀርቡ የወርቅና የብር ዕቃዎችን ይጠቅሳል፤ የተሠሩትም በአገሬው ቅርጽ እንደ ነበር ይናገራል። ነጋዴው የገዢውን ዓይን አስቀድሞ አጥንቷል ማለት ነው። ዛሬም የቻይና ፋብሪካ እጀታ የሌላት፣ በጥለት ያጌጠች ሲኒ ሲሠራ የሚያስበው የሐበሻን ቡና ነው።

ስሙ ራሱ ምስክር ነው። በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ሲሆን፣ ትሪ የሚባልበት የስዋሂሊው «ሲኒያ»ም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። እናት ልጇን «ሲኒ አቅርቢ» ስትል ሳታውቀው የአንድ ሩቅ አገር ስም ትጠራለች።

የሩቁ ሠሪ በስም ሲጠራ የቅርቧ ሠሪ ግን ምን ተባለች? ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን የምታበጀው ሴት «ቡዳ» ተብላ ተሰደበች፤ ጋብቻ ተነፈጋት፤ ከመንደሩ ዳር እንድትኖር ተገደደች። በእጇ የተሠራውን ምጣድ እንጀራ የጋገረበት ሁሉ፣ ከእርሷ ጋር በአንድ ገበታ ለመቅረብ ተጸየፈ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ግን ምላስን እንጂ ልማድን ወዲያው ሊሽር አልቻለም።

በኢምባካሲ ሲኒ ቢሰበር የሚያዝን የለም፤ ሌላ ኮንቴይነር በመንገድ ላይ ነው። ጀበናው የተሰበረ ዕለት ግን ቤቱ ዝም ይላል። ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ስልክ ይደወላል፤ አደራ ይላካል። ያን ጊዜ ከሁለቱ የትኛው ዕቃ ውድ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። የሠሪዋን ስም ግን ማንም አይጠይቅም።