ጫማውን ማን ያውልቅለት?

በአምደወርቅ ኦቲዝም ያለበትን ታናሽ ወንድሜን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወስደው ጫማውን የማወልቅለት እኔ ነበርሁ፤ ይህንም እንደ ፍቅር እቆጥረው ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን እንደ መሠረቱ፣ በዚያም ልጆች መልበስንና መታጠብን ደረጃ በደረጃ እንደሚማሩ ሳነብ ግን ራሴን ታዘብሁ።

ሥራውን በሦስት ከፈልሁት፦ ማሰሪያውን መፍታት፣ ተረከዙን ማላቀቅ፣ ጫማውን መሳብ። በመጀመሪያ መሳቡን ብቻ ተውሁለት፤ ሲለምድ ማላቀቁን፣ በመጨረሻም መፍታቱን ጨመርሁለት። ወራት ፈጀብን። ባለፈው እሑድ ከደጀ ሰላሙ ስንደርስ እጄን ገፋ አድርጎ ጫማውን ብቻውን አወለቀ።

እኅቶችና ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ቢኖር አትሸሽጉት፤ ሁሉንም አትሥሩለት። አንዲት ትንሽ ሥራ ተዉለትና በትዕግሥት ጠብቁት።